ቡችላና አዋቂ ውሻ ምን ይብላ? ዶግ ፉድ፣ የቆርቆሮ፣ የቤት ምግብና የማዕድ ትራፊ ሲነጻጸሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ቡችላ ይዞ ቤቱ የገባ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ምክር ይዘንብበታል። ጎረቤት «ወተትና ዳቦ ስጠው፣ ይበቃዋል» ይላል። ባለ ሉካንዳው ሳንባና ቅንጥብጣቢ በርካሽ ሊያስቀምጥለት ቃል ይገባል። የሱፐርማርኬቱ ልጅ ትልቁን ከረጢት ይጠቁመዋል። እናት ደግሞ «ውሻ ድሮም ትራፊ በልቶ ነው ያደገው፤ ምን ታካብዳለህ!» ትላለች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። አንዳቸውም ግን «ስንት ወሩ ነው? ሲያድግስ ምን ያህል ይሆናል?» ብለው አይጠይቁም። ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነበር።

እኔ የተማርኩት በራሴ ቡችላ ነው። የጀርመን ሼፐርድ ድቅል ነበር፤ ቡቺ እንለዋለን። ከሁለት ወሩ ጀምሮ ምርጡን ልስጠው ብዬ ቀይ ስጋና ጉበት ብቻ አበላሁት። አምስት ወር ሲሞላው የፊት እግሮቹ ተለመጡ፣ ደረጃ መውጣት እምቢ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ እግሩን ከመንካቱ በፊት የጠየቀኝ ምን እንደሚበላ ነው። ስጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፤ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሰውነት የጎደለውን ካልሲየም ከአጥንት እየመዘዘ ወደ ደም ይልካል፣ አጥንቱም እንደ እርጥብ እንጨት ይለመጣል። ቡቺ ምግቡ ተስተካክሎ ተሻለው፤ የግራ እግሩ ግን እንደተጣመመ ቀረ። ገንዘብ አልሰሰትኩም፤ ያበላሸሁት በልግስና ነው። ስለዚህ ይህን ንጽጽር ከዋጋ አልጀምርም።

## መጀመሪያ መመዘኛው

አንደኛውና ትልቁ መመዘኛ ምግቡ ለውሻው ዕድሜ የተሟላ መሆኑ ነው። የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር (አፍኮ) ያወጣው ዝቅተኛ ልክ ብዙ አምራቾች የሚከተሉት ነው። ውሃው ተቀንሶ ሲሰላ ለሚያድግ ቡችላ ቢያንስ 22.5 በመቶ ፕሮቲንና 8.5 በመቶ ስብ፣ ለአዋቂ ደግሞ 18 በመቶ ፕሮቲንና 5.5 በመቶ ስብ ይጠይቃል። ካልሲየም ለቡችላ ከ1.2 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ለአዋቂ 0.5 በመቶ ይበቃል። ቡችላው እንደ ጀርመን ሼፐርድ ወይም ሮትዋይለር ትልቅ የሚሆን ዘር ከሆነ ካልሲየሙ ከ1.8 በመቶ እንዳይበልጥም ጣሪያ ተቀምጦለታል። ትንሽ ቡችላ የተትረፈረፈውን ካልሲየም አልፈልግም ብሎ መመለስ አይችልም፤ አንጀቱ የቀረበለትን ያስገባል። ማነሱም መብዛቱም አጥንት ያበላሻል።

ሁለተኛው ደህንነት ነው፦ ሻጋታ፣ ጥገኛ ትል፣ ሽንኩርት፣ የሚሰነጠር አጥንት።

ሦስተኛው የቀን ወጪ ነው። የከረጢት ዋጋ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ወረድ ብዬ አሳያለሁ።

አራተኛው በውጭ አገር መመሪያዎች የማይገኝ የኛው ጣጣ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ መገኘቱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ የክርስቲያን ስጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ የቤት ትራፊውም ጾም ይሆናል። ከውጭ የሚገባው ዶግ ፉድ ደግሞ ከዶላር ጋር ይወጣል ይወርዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ውሻ በየሳምንቱ ምግቡ ሲቀያየርበት ሆዱ ይረበሻል። የመረጣችሁትን ነገር በሦስተኛው ወር የማታገኙት ከሆነ ጥሩነቱ ብዙም አይጠቅምም።

### ስንት ይበላል?

ማነጻጸር የሚቻለው ፍላጎቱ ሲታወቅ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ስሌት ወደ ቁጥር ለውጬ ላስቀምጠው። የተኮላሸ 20 ኪሎ አዋቂ ውሻ በቀን ወደ 1,060 ኪሎ ካሎሪ፣ 30 ኪሎው ወደ 1,440 ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። ያልተኮላሸ ከሆነ ትንሽ ይጨምራል። የሦስት ወር ቡችላ 10 ኪሎ ብቻ ቢመዝንም ወደ 1,180 ይፈልጋል። አዎ፣ ግማሽ ክብደቱ ይዞ ከ20 ኪሎው አዋቂ በላይ ይበላል። ከአራት ወር በኋላ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚያስፈልገው እየቀነሰ ይሄዳል።

እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው። ትክክለኛው ሚዛን እጃችሁ ነው፦ የጎድን አጥንቱን በመዳሰስ ሳትጫኑ ልትቆጥሩት ይገባል፤ ከላይ ሲታይ ወገቡ መግባት አለበት። በ48 ላብራዶሮች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ጥናት ነበር። ከወንድሞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የተሰጣቸው ውሾች በአማካይ 1.8 ዓመት ያህል ረዘም ላለ ጊዜ ኖረዋል። ምግቡ አንድ ነው፤ የተለየው መጠኑ ብቻ።

## ደረቅ ዶግ ፉድ

ለቡችላ ቀዳሚ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ካልሲየሙንና ፎስፈረሱን ሌላ ሰው አስልቶልኛል። ነገር ግን ከረጢት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ፊት ለፊት ያለው የሚያምር ውሻ ፎቶም ምንም አይነግራችሁም። ከረጢቱን ገልብጡት።

የመጀመሪያው የምትፈልጉት ቃል «ኮምፕሊት» ነው፤ ብቻውን የሚበቃ ሙሉ ምግብ ማለት ነው። «ኮምፕሊመንተሪ» የሚል ከሆነ ማሟያ እንጂ ምግብ አይደለም። ሁለቱ ቃላት ስለሚመሳሰሉ በችኮላ የሚሳሳት ብዙ ነው። ቀጥሎ ለማን እንደተሠራ ይጻፋል፦ ለቡችላ፣ ለአዋቂ፣ ወይም ለሁሉም ዕድሜ። ለሁሉም ዕድሜ የሚለው የቡችላን መስፈርት ማሟላት ስላለበት ለቡችላ ይሆናል፤ ለትልቅ ዘር ከሆነ ግን የካልሲየሙን ቁጥር አረጋግጡ። «ለአዋቂ» የሚለውን ለቡችላ መስጠት ቁጠባ ይመስላል፤ ዕድገቱ ላይ ይከፈላል።

የግብዓቱ ዝርዝር በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፤ ትኩስ ስጋ ደግሞ ውሃውን ይዞ ነው የሚመዘነው። «ዶሮ» አንደኛ ተጽፎ ከሥሩ በቆሎ፣ የበቆሎ ግሉተን፣ የስንዴ ፉርሽካ ከተደረደሩ ውሃው ሲተን ዶሮው ወደ ኋላ ይሄዳል። በሌላ በኩል እህል ስላለበት ብቻ ከረጢቱን አትናቁ። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ስታርች መፍጨትን ለምዷል፤ ከተኩላ በላቀ ሁኔታ ይህን የሚያስችሉት ጂኖች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዘረ-መል ጥናት አሳይቷል። «ከእህል ነጻ» የሚለው ጽሑፍም በራሱ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። እንዲያውም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ በአተርና በምስር የተሞሉ ምግቦች ከልብ ጡንቻ በሽታ ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ መመርመር ጀምሮ ነበር። መንስኤነቱ አልተረጋገጠም፤ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት ግን አላየሁም።

አምራቹ የኃይል መጠኑን (በኪሎ ስንት ኪሎ ካሎሪ) ካልጻፈ ወይም ሲጠየቅ ካልመለሰ እኔ አልገዛም። ዓለም አቀፉ የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም ባለቤቶች አምራቹን የአመጋገብ ባለሙያ ቀጥሮ እንደሆነ፣ ምግቡን ራሱ ያመርት እንደሆነ፣ ጥራቱን እንዴት እንደሚቆጣጠር እንዲጠይቁ ይመክራል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። በኪሎ 3,000 ኪሎ ካሎሪ ያለው አንድ ከረጢትና 4,000 ያለው ሌላ ከረጢት አለ እንበል፤ ሁለቱም 15 ኪሎ ናቸው። ለ20 ኪሎው ውሻ ከመጀመሪያው በቀን 350 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ በ42 ቀን ያልቃል። ከሁለተኛው 265 ግራም ይበቃዋል፤ 56 ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ሁለተኛው በሲሶ ቢወደድ እንኳን የቀን ወጪው እኩል ነው። ሻጭ ዘንድ ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ማስላት የምትችሉት ነገር ነው፦ ዋጋውን ለሚቆይባቸው ቀናት አካፍሉ።

ከረጢት ተከፍቶ በኪሎ ሲመዘን ካገኛችሁ ርካሽነቱ ያጓጓል። እኔ አንዴ ገዝቼ ተጸጽቻለሁ። መለያው የለ፣ የሚያበቃበት ቀን የለ፣ ስቡ አየር አግኝቶ የከረመ ዘይት ይሸታል። ከሁሉ የሚከፋው እርጥበት ነው፤ በክረምት ሻጋታ ይይዛል። በቆሎ ላይ የሚያድገው ሻጋታ የሚያወጣው አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በዚህ መርዝ የተበከለ ደረቅ ምግብ ከገበያ ሲሰበሰብ በርሱ ምክንያት ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ውሾች ከ110 በልጠው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ የሆነው ቤታችሁ ጓዳም ይሆናል። ምግቡን ከነከረጢቱ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከተከፈተ በስድስት ሳምንት ገደማ የሚያልቅ መጠን ግዙ። ለትንሽ ውሻ ትልቅ ከረጢት መግዛት የሚያተርፍ ይመስላል፣ ግን መጨረሻው ይበላሻል።

## የቆርቆሮ ምግብ

ቶሎ ልለፈው። የሚጥም ነው፣ ውሃ አለው፣ ለታመመና ጥርስ ለሌለው ውሻ ይጠቅማል። መለያው ላይ ፕሮቲን 8 በመቶ ሲል አትደንግጡ፤ 78 በመቶው ውሃ ከሆነ የቀረው 22 ነው፣ 8 ከ22 ደግሞ 36 በመቶ ነው። በዚሁ ስሌት ፕሮቲኑ 24፣ ውሃው 10 በመቶ የሆነ ደረቅ ምግብ 27 በመቶ ገደማ ይመጣል። ጉዳዩ ወጪው ነው፦ በ100 ግራም 100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ 20 ኪሎ ውሻ ለማጥገብ 400 ግራሙን ቆርቆሮ በቀን ሁለት ተኩል ያህል መክፈት ነው። ትንሽ ውሻ ካላችሁ ያዋጣል። ለሌላው ሰው ደረቁ ላይ እንደ ማጣፈጫ ጣል የሚደረግ ነው።

## ቤት የሚቀቀል

አብዛኛው የከተማችን ውሻ ወዳድ የሚሠራው ይህንን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ከስጋ ቤት የሚገኘው ሳንባ፣ ጨጓራ፣ ጣፊያ፣ ቅንጥብጣቢ ጥሩ ፕሮቲን ነው። በሩዝ ወይም በድንች ተቀቅሎ ሲቀርብ ውሻው ሳህኑን ይልሳል፤ ጌታውም «ቤት የተሠራ፣ ምንም ኬሚካል የሌለው» ብሎ ይኮራል። ችግሩ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዋቂ ውሾች የተጻፉ 200 የቤት ምግብ አሠራሮችን መርምረው ነበር፤ ብዙዎቹን የጻፉት ራሳቸው የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው። 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ጎድሏቸው ተገኘ። በግምት የምንቀቅለው የኛው ድስት ከነዚያ ይሻላል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ለአዋቂ ውሻ ግን ጉድለቱን ማጥበብ ይቻላል። ለ20 ኪሎ ውሻ የአንድ ቀን መነሻ ይህ ነው፦ ከተቀቀለ በኋላ የተመዘነ 250 ግራም ያህል ስስ ስጋ፣ 350 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ካሮት ወይም ጎመን፣ ከዚያ ከ3 እስከ 4 ግራም የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ቅርፊቱ 38 በመቶ ያህሉ ካልሲየም ነው። አጥቦ፣ በምድጃ አድርቆ፣ እንደ በርበሬ አልሞ መፍጨት ነው፤ ሸካራ ከሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። ከስጋው ክፍል በሳምንት አንድ ሁለቴ በጉበት ተኩት፣ ከዚያ አይብለጥ። ጉበት ቫይታሚን ኤ ያጠራቅማል፤ ዕለት ዕለት ሲሰጥ መርዝ ይሆናል።

ይህም ሆኖ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን ዲና ኢ ይጎድሉታል። ለወራት ብቻውን የሚሰጥ ከሆነ ለውሻ የተሠራ የቫይታሚንና ማዕድን ዱቄት ከሐኪም ጠይቃችሁ ጨምሩ። ለቡችላ ይህን አሠራር አልመክርም፤ ለትልቅ ዘር ቡችላ ደግሞ ፈጽሞ። በቡችላ አጥንት ላይ መገመት ያመጣብኝን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ወተትስ? ከጡት የወጣ ቡችላ የላም ወተት ስኳርን የመፍጨት አቅሙ እየቀነሰ ስለሚሄድ ብዙውን ጊዜ ተቅማጥ ይዞት ይመጣል። በአምስት ሳምንቱ ከእናቱ ተነጥሎ የመጣላችሁ እንደሆነ (መነጠል የነበረበት ቢያንስ በስምንተኛው ነው) የቡችላ ደረቅ ምግብ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋችሁ እንደ ገንፎ አላቁጡና በቀን አራት ጊዜ ስጡት።

ስለ ዶሮ መኖም ልናገር፤ ርካሽ ነው ተብሎ ከሩዝ ጋር ሲቀቀል አይቻለሁ። አንዳንዱ መኖ ውስጥ ለዶሮ ኮክሲዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ) የሚጨመሩ እንደ ሞኔንሲን ያሉ መድኃኒቶች ውሻን ያሽመደምዳሉ። ፋጉሎም የሻጋታው መርዝ ከሚደበቅባቸው መኖዎች አንዱ ነው። ሁለቱንም ተዉአቸው።

## የማዕድ ትራፊ

እናቶቻችን አልተሳሳቱም፤ ውሻ በትራፊ ይኖራል። ግን የግቢው ውሻ ስንት ዓመት ኖረ፣ ስንቱ ቡችላስ አደገ ብለን አልቆጠርንም።

እንጀራ ለውሻ መርዝ አይደለም፤ ሆድ የሚሞላ፣ ፕሮቲኑ ግን አናሳ የሆነ ምግብ ነው። መርዙ ላዩ ላይ ያለው ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ መብሰላቸውም አያድንም። በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት መብላት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል። ለ20 ኪሎ ውሻ 300 ግራም ነው፤ ለሦስት ኪሎ ቡችላ ግን 45 ግራም፣ ማለትም አንድ ትንሽ ሽንኩርት እንኳን የማይሞላ። ዶሮ ወጥ ላይ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚቁላላ ታውቃላችሁ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መስጠትም ይጠራቀማል። የጾም ወቅት ከዚህ አያድንም፤ ሽሮው ጥሩ ፕሮቲን ቢኖረውም ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ እዚያው አሉ።

የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠራል፤ የበዓል ማግስት ቆሻሻ ከውሻው ይራቅ። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌት፣ ከስኳር ነጻ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ሁሉም አደገኛ ናቸው። ከወጥ ያልነካካ እንጀራ፣ ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እንቁላል፣ ቅመም ያልገባበት ስጋ በምግቡ ላይ ቢጨመር ችግር የለውም፤ ከዕለቱ ኃይል ከአንድ አሥረኛው እስካልበለጠ የሙሉውን ምግብ ሚዛን አያናጋም።

## ጥሬ ስጋና ሳንባ

«እኛ ቁርጥ እየበላን ለውሻ ቀቅል ትላለህ?» ያለኝ ወዳጅ አለኝ። ሳቅ ያስቃል፤ ግን ልዩነት አለ። በግና ከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እንቁላል የመሰለ ከረጢት ታይቷችሁ ያውቃል? በውስጡ የውሻ ትል ዕጭ ነው ያለው። ውሻው ያንን ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፣ ከዚያ በእጅና በአትክልት ወደ ልጆቻችን አፍ ይገባል፤ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። በአገራችን በቄራዎች ዘወትር የሚታይ ነገር ነው። በበዓል ቤት ውስጥ ሲታረድ የተጣለ ሳንባ ለውሻ መወርወር የዚህ ትል ዋና መንገዱ ነው። ሳንባ ልስጥ ካላችሁ እስኪበስል ቀቅሉ፣ ከረጢቱን ያያችሁበትን ቅበሩ፣ ለውሻውም ፕራዚኳንቴል ያለበትን የትል መድኃኒት ከሐኪም ጠይቁ። ጥሬ ምግብን የሚያወድሱ የውጭ ቪዲዮዎች ይህን አይነግሯችሁም።

## በአንድ እይታ

| ምርጫ | ለቡችላ | ለአዋቂ | ዋናው አደጋ | ወጪና ድካም | በጾምና በእጥረት ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ደረቅ፣ ሙሉ፣ ለዕድሜው የተሠራ | ከሁሉ የተሻለ | በጣም ጥሩ | ሻጋታ፣ ያረጀ ስብ | ውድ፣ ድካም የለውም | ጾም አይነካውም፤ ዶላር ይነካዋል |
| የቆርቆሮ፣ ሙሉ | ጥሩ | ጥሩ | ተከፍቶ ማደር | ከሁሉ የተወደደ | እንደ ደረቁ |
| የተቀቀለ ስጋና ሩዝ፣ በቅርፊት | አይመከርም | ከማሟያ ጋር ይሆናል | የማዕድን ጉድለት | መካከለኛ፣ ብዙ ድካም | ስጋ ቤት ይዘጋል |
| ግማሽ ደረቅ፣ ግማሽ የተቀቀለ | ከስድስት ወር በፊት አይሆንም፤ ለትልቅ ዘር ፈጽሞ | ጥሩ ስምምነት | መጠኑ መብዛት | መካከለኛ | አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይይዛል |
| የማዕድ ትራፊ ብቻ | አይሆንም | አነስተኛ | ሽንኩርት፣ አጥንት | ከሞላ ጎደል ነጻ | በጾም ስጋው ይጠፋል |
| ጥሬ ሳንባና ቅንጥብጣቢ | አይሆንም | አይሆንም | ትል፣ ባክቴሪያ | ርካሽ | ስጋ ቤት ይዘጋል |

## የናንተ የትኛው ነው?

ትልቅ ዘር ቡችላ ካላችሁ ገንዘባችሁን ሁሉ እዚህ ላይ አድርጉ። ለትልቅ ዘር ቡችላ የተሠራ ደረቅ ምግብ እስከ 12 ወር፣ ለጀርመን ሼፐርድ እስከ 15 ወር ድረስ ቢቆይ መልካም ነው። ላዩ ላይ ካልሲየም፣ አጥንት ዱቄት፣ የእንቁላል ቅርፊት አትጨምሩ፤ ተሰልቶ የገባውን ታበላሻላችሁ። በጀታችሁ ለአንድ ዓመት ብቻ ዶግ ፉድ የሚችል ከሆነ ያ ዓመት የመጀመሪያው ይሁን። ሰዉ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ቡችላውን በወተትና በዳቦ ያሳድግና ሲያምርበት ከረጢት ይገዛለታል።

ትንሽ ዘር ወይም ተራ የሐበሻ ቡችላ ከሆነ ስጋቱ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም። የቡችላ ደረቅ ምግብ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር፣ ከተቻለ እስከ አሥር ስጡ። እስከ አራት ወር በቀን ሦስት አራቴ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁለቴ።

አዋቂ ውሻ፣ መካከለኛ በጀት ከሆነ ምርጫዬ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ቡቺንም የማበላው እንዲሁ ነው። ጠዋት ደረቁ፣ ማታ የተቀቀለው ከነቅርፊቱ ይሰጠዋል። በዐቢይ ጾም ሰፈራችን ያለው ስጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊም ስጋ ቤት እሄዳለሁ፣ ወይም በእንቁላል እተካለሁ። ሁለት እንቁላል የዕለቱን ስጋ ግማሽ አይሞላም፣ ግን ቀኑን ያሳልፋል።

በጀት የሌለው፣ ውሻው ግን ያለ ሰው ደግሞ ትራፊውን ከወጥ ይለይ። ምግብ ከመቅረቡ በፊት ለውሻው ትንሽ ነጭ ሩዝ ወይም ያልተነካ እንጀራ ለብቻ ይቀመጥ፤ በሳምንት ሦስት አራት ቀን የተቀቀለ ጨጓራ፣ ሳንባ ወይም እንቁላል ከቅርፊት ዱቄት ጋር ይጨመርበት። የተሟላ አይደለም፤ ከሽሮ ከተቀባ እንጀራ ግን በብዙ ይሻላል።

የኩላሊት፣ የጉበት፣ የቆሽት ሕመም ያለበትን ውሻ በዚህ ጽሑፍ አትመግቡ፤ የርሱ ምግብ ሐኪም የሚያዘው ነው።

ምግብ ስትቀይሩ በሰባት ቀን ይሁን፦ መጀመሪያ ሩብ አዲሱን፣ በሦስተኛው ቀን ግማሽ፣ በአምስተኛው ሦስት ሩብ፣ በሰባተኛው ሙሉ። ሰገራው ከላላ አንድ ደረጃ ተመልሳችሁ ሁለት ቀን ቆዩ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከኔው ቤት። ውሻውን የምታበሉት እናንተ ሳትሆኑ ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ከሆኑ «ትንሽ ስጡት» ማለት አይሠራም። ዘበኛችን ጋሼ ጣሳውን ሞልቶ ሲሰጥ እኔ ደግሞ ማታ ስገባ እጨምርለት ነበር፤ ቡቺ በአንድ ክረምት አራት ኪሎ ጨመረ። የኩሽና ሚዛን ከጎረቤት ተውሼ የአንድ ጊዜውን መጠን መዘንኩ፣ ጣሳው ላይ በሚስማር መስመር ጫርኩበት፣ ከረጢቱም ላይ የተከፈተበትን ቀን በማርከር ጻፍኩ። ጋሼ መስመሩን አይቶ «ለውሻም ራሽን መጣ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ከመስመሩ አላለፈም።